ዳገት ላይ የተተወችው መኪና

ሲስተሯ ቀና ብላ አላየችውም። ቀኝ እጇ ከብርቱካን የማትበልጥ የጎማ ከረጢት ይዞ ይጨምቃል፣ ይለቃል፤ ይጨምቃል፣ ይለቃል። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የተኛው ጨቅላ ደረት እጇን እየተከተለ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ይጠይቁኝ» አለች። «ሥራ የያዘው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጉት?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከተወለዱ ጀምሮ። መንታ ናቸው፤ በሰባት ወራቸው ነው የመጡት። እህቱ አሮጌው ማሽን ላይ ናት፤ የቀረን ማሽን እሱ ብቻ ነው። ይሄኛው በኛ እጅ ነው የሚተነፍሰው። አራት ሆነን በየሃያ ደቂቃው እንቀያየራለን።»

«ለምን ወደ ሌላ ሆስፒታል አይወሰድም?»

«ማሽን ያለበት ቅርቡ ሆስፒታል የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሐኪሙ መንገዱን አይችለውም ብሏል።» ከንፈሯን ነከሰች። «ሁለቱ አዲሶቹ ማሽኖች ግምጃ ቤት ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሊተከሉ ነበር። ዛሬ ጠዋት!»

«እስከ መቼ ትችላላችሁ?»

አሁን ዞር አለች። ዓይኖቿ ደም መስለዋል። «እጅ ይዝላል ጌታዬ። የዛለ እጅ ደግሞ ወይ ያሳንሳል ወይ ያበዛል። እስከ ማታ እንችላለን። ከማታ በኋላ ያለውን አልዋሽዎትም።»

ኢንስፔክተሩ ወጣ። በመሥሪያ ቤቱ «አቶ ለምን» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ማን ሠራው ሲሉ እሱ ለምን እንዲህ ተሠራ እያለ አለቆቹን አሰልችቷል። በዚያ ጠዋት ግን ለምን ብሎ የሚጠይቀው ነገር የቀረ አልመሰለውም፤ ክሱ ተጽፎ አልቋል፣ ተከሳሿም ታስራለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሑድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ኋላዋ ሰፊ አረንጓዴ መኪና ሆስፒታሉ ጓሮ ገባች። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ አፍና አፍንጫውን በጭምብል የሸፈነ ሰው የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በብረት መቁረጫ ቆርጦ ሁለቱን የሕፃናት መተንፈሻ ማሽኖች ጫነ። ሽማግሌው ዘበኛ ወረቀት ለመጠየቅ ፊቷ ቢቆሙ ገጭታቸው ሄደች። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተዘርግተውም የሰሌዳ ቁጥሯን በአፋቸው ይዘው ቀሩ። ቁጥሩ የአንድ የጥርስ ሐኪም መኪና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መኪናዋን አርብ ዕለት ለጥገና ለአንዲት መካኒክ ሰጥቷል። የጋራዡ በር አልተሰበረም፤ በቁልፉ ነው የተከፈተው። ቱታውም የብረት መቁረጫውም ከጋራዡ የጎደሉ ናቸው። መካኒኳ ያን ሰዓት የት ነበርሽ ስትባል «ተኝቼ» አለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

መኪናዋ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከከተማው ወደ ላይኛው ሰፈር በሚያወጣው ረጅም ዳገት ወገብ ላይ ባዶዋን ቆማ ተገኘች። ቁልፏም እዚያው ተሰክቶ ነበር።

*

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው ያደርኩት» አለች ሳጅኗ፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ስትቀበለው። ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ የጫማዋ ድምፅ ከእሷ ቀድሞ የሚመጣ ወጣት ናት። «ማሽኖቹ ዳገቱ ላይ ወደ ሌላ መኪና ተዛውረዋል ብዬ፣ በዚያ መንገድ ከከተማ የወጣ አንድ የአትክልት መኪና አሳደድኩ። ደርሼ አስቆምኩት። ምን ጭኖ ባገኘው ጥሩ ነው?»

«ጎመን።»

«ጎመን ብቻ! አራት መቶ ራስ ጎመን አንድ በአንድ አገላበጥኩ።»

ኢንስፔክተሩ ግን ጥግ ላይ የቆመችውን አረንጓዴ መኪና እያየ ነበር። «አስነሺያት እስኪ።»

ሳጅኗ ገብታ ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ድምፅዋ የተመጠነ ነው፤ አታጨስም፣ አትንቀጠቀጥም። የነዳጅ መለኪያው ከግማሽ በላይ ያሳያል። ጎማዎቿ ሙሉ ናቸው።

«ለምን ተዋት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ጀመረን» አለች ሳጅኗ በሆዷ፤ በአፏ ግን «ፈርቶ ይሆናላ» አለች።

«የፈራ ሰው ይሮጣል እንጂ መሮጫውን ጥሎ በእግሩ አይሄድም። መካኒኳን አምጪልኝ።»

መካኒኳን የጋራዥ ሰፈር ሰው ሁሉ እትዬ ቱርቦ ነው የሚላት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጥፍሮቿ በጥቁር ዘይት የተቀለሙ፣ ድምፅዋ ሞተር ሥር መጮህ የለመደ። እጇ በካቴና ታስሮ ስትመጣ ከሰዎቹ በፊት መኪናዋን ነው ያየችው።

«ምነው አቁስላችሁ አስቀመጣችኋት? ቀኝ መብራቷ ተሰብሯል።»

«ዘበኛው ላይ ነው የተሰበረው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። «እግዜር ይማራቸው። ጌታዬ፣ እኔ ስክሩ ለጠፋብኝ ሰው እንኳ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ሽማግሌ ገጭቼ፣ የሕፃን ትንፋሽ ሰርቄ በሰላም የምተኛ ይመስልዎታል?»

«የሚመስለኝን ይተዉት። ይህች መኪና ምን ሆና ነው ወደ እርስዎ የመጣችው?»

እትዬ ቱርቦ ሳጅኗንና ኢንስፔክተሩን አፈራርቃ አየቻቸው። «እስካሁን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነዳጅ ትቆርጣለች። ዳገት ላይ ስትረገጥ።»

«አሁን በአንድ ጊዜ ነው የተነሳችው።»

«ትነሳለች እንጂ! ሜዳ ላይ ቢነዷት እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው። መሣሪያዬን ከጋራዥ ያስመጡልኝና ራሷ ትናገር።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመመርመሪያ መሣሪያዋ መጣ። የእጅ ስልክ የሚያህል፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ነገር ነው። ሳጅኗ ዘበኛው ስለነቁ ቃላቸውን ልትቀበል ወደ ሆስፒታል ሄዳለች። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ፈታላትና አጠገቧ ተቀመጠ። እትዬ ቱርቦ ገመዱን ከመሪው ሥር፣ ከክሩስኮቱ ግርጌ ሰካች። ስክሪኑ በራ፤ ቁጥሮች ተደረደሩ።

«ይኸውልዎ። ሎድ ይባላል፤ ሞተሩ የተሸከመው ጭነት ማለት ነው። ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደዋጠ አይቶ ነው ኮምፒውተሩ የሚያሰላው። ነዳጁ ሲቆረጥ ስንት ነበር ይላል?»

«መቶ ዘጠና ሁለት።»

«ተራ ሞተር በራሱ ትንፋሽ እስኪጠግብ ቢስብ መቶ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ቱርቦ ያለው ግን አየሩ በግድ ይጠቀጠቅበታል፤ መቶ አርባም መቶ ስድሳም ቢያሳይ ጤናው ነው። የዚህችኛዋ ገደብ መቶ ሰማንያ ነው። ከዚያ ካለፈች ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሊፈነዳ ነው ብሎ ነዳጁን ቀጥ ያደርጋል። ሞተሩን ሊያድን ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም።»

«ለምን ገደቡን አለፈች?»

ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ አለችና እንደ እርሳስ የቀጠነ የጎማ ቱቦ በጣቷ አጥፋ አሳየችው። ሲታጠፍ ስንጥቁ አፉን ከፈተ። «ትርፉን ግፊት የሚያስወጣ ትንሽ በር አለ። ክፈት ብሎ የሚያዘው ይህ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ በሩ ትእዛዝ አይደርሰውም። ያኔ ቱርቦው ልጓም እንደሌለው በቅሎ ነው። አዲሱን ቱቦ ዛሬ ልገጥምላት ነበር።»

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና የጥርስ ሐኪሙ። እሱም ስለተሰቃየ ነው ያመጣት።»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አወጣ። ከእሷ ወይም ከሐኪሙ አንዳቸው ቢሆኑ ይህችን መኪና ይዘው ዳገቱን ባልሞከሩት ነበር። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሜዳ መንገድ አለ። የነዳት ሰው አመሏን አያውቅም ማለት ነው።

«ስንት ጊዜ ነው የቆረጠችው?»

«ሦስት። ይኸው ቆጥራዋለች። አንዴ ስትቆርጥ ሰውዬው ይብስ ረገጣት፤ ደገመችው። በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ጉልበቷን ነሳት። ያኔ እንደ ሽማግሌ ነው የምትሄደው፤ ዳገት አትወጣም። አጥፍቶ ትንሽ ቢጠብቅ ኖሮ በሰላም ትነሳለት ነበር።»

«የድሮ መዝገብ ቢሆንስ?»

«አርብ ዕለት የነበረውን ሁሉ ደምስሼ ነው ጋራዡን የዘጋሁት። ይህ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነው።» ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆሞ ቀረ። «ጌታዬ... ማሽኖቹ ስንት ሰዓት ነው የተሰረቁት?»

«ሰባት ሰዓት።»

«እንግዲያው ይህ ሌላ ጉዞ ነው። ነዳጁ ሲቆረጥ ሞተሩ ከተነሳ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ብቻ ነበር። ሙቀቱን ይዩ፤ አርባ ስምንት። በደንብ የሠራ ሞተር ዘጠና ይደርሳል። ከዘጠና ተነስቶ እንዲህ እስኪወርድ ከሦስት ሰዓት በላይ መቆም አለበት። መኪናዋ ከስርቆቱ በኋላ የሆነ ቦታ አርፋ፣ በርዳ፣ እንደገና ነው የተነሳችው።»

ኢንስፔክተሩ እርሳሱን አቆመ። እስካሁን ሁሉም ሰው ሌባው ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ዳገቱ በረረ ብሎ ነው የሚያስበው። ማሽኖቹ ግን ከከተማ አልወጡም። መኪናዋ ያረፈችበት ቦታ ወርደዋል፤ ያ ቦታ ደግሞ ከዳገቱ የአራት ደቂቃ መንገድ ነው።

*

«አለቃ፣ አይቆጡኝ» አለች ሳጅኗ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ። «ተጠርጣሪ ራሷ ባነበበችው ቁጥር ተጠርጣሪ ነፃ ሊወጣ ነው? ሌላ አዋቂ እንጠይቅ። እዚሁ ኢንጂነሩ አለ።»

«የቱ ኢንጂነር?»

«የሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያዎች ባለሙያ። አዲሶቹን ማሽኖች ሊተክል የነበረው እሱ ነው። የእትዬ ቱርቦ ታናሽ እህት ባል ነው፤ እንደ ዘመድ ቢያዳላ እንኳ ለእሷ ነው የሚያዳላው።»

ኢንጂነሩ የተጫነ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጢሙን የተከረከመ፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ አሮጌው ማሽን አጠገብ ማደሩን ነርሶቹ ሁሉ ያመሰግኑለታል። ስለ ሚስቱ እህት ሲነሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ልበልዎ። እናት ማለት ናት ለኛ። ትናንት እንኳ ቤቷ ነበር ምሳ የበላነው። ከምሳ በኋላ እሷ ልተኛ ብላ ገባች፤ እኔና ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብለን ዋልን። መተኛቷን ግን አላየሁም፤ ለመዋሸት አልፈልግም።»

«ባለሙያ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው ሎድ መቶ ዘጠና ሁለት ነው። ይህ ቁጥር ይታመናል?»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ከመቶ ውስጥ መቶ ዘጠና ሁለት? የትኛው ትምህርት ቤት ነው እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ያለው? መለኪያው ተበላሽቷል ማለት ነው። የተበላሸ መለኪያ የጻፈውን ሁሉ መጣል ነው። ኢንስፔክተር፣ በዚህ ጊዜዎን አያጥፉ። ሦስት ጊዜ ነጥራ ቀጥ ያለች መኪና ምክንያቷ ውሃ የገባበት ነዳጅ ነው፤ አለቀ።»

ሳጅኗ ሁሉንም ጻፈች። ከኮሪደሩ ሲወጡ «ሰሙት አይደል?» አለች።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን ደፋ። «ሰምቼዋለሁ። ነይ፣ መኪናዋን እንንዳት።»

*

ሳጅኗ መሪውን ያዘች፤ እትዬ ቱርቦ ከጎኗ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሩ ከኋላ ሆኖ የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው።

«ቁጥሩን ጮክ ብለው ይንገሩን» አላት።

«ሜዳ ላይ አርባ... አምሳ አምስት... በርቺ ልጄ፣ ሦስተኛ ማርሽ አግቢ። ዳገቱ ጀመረ። ዘጠና። መቶ አሥር።»

«መቶ አሥር?» አለች ሳጅኗ። «ከመቶ አያልፍም ተብሎ አልነበር?»

«ማነው ያለሽ? ቱርቦ በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቅ ነው። በይ አሁን እስከ ታች ርገጪ!»

መኪናዋ አገሳች። ወንበሩ ጀርባቸውን ገፋ። «መቶ ሠላሳ! መቶ ስድሳ! መቶ ሰማንያ አምስት!» ወዲያው የማይታይ እጅ ከኋላ የጎተታቸው ይመስል መኪናዋ በደረቷ ተደፋች፤ የሦስቱም ራስ ወደ ፊት ተወረወረ፤ ተለቀቀች፤ እንደገና ተደፋች።

«እናቴን!» አለች ሳጅኗ እግሯን አንስታ። «ሞተሩ የተበተነ መሰለኝ!»

«ሌባሽም እንደዚያ ነው የመሰለው» አለች እትዬ ቱርቦ። ከታሰረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መኪናዋን ተትታ ከተገኘችበት ቦታ አዙረው፣ ኮምፒውተሩ በመዘገበው ፍጥነት አራት ደቂቃ ወደ ታች ነዱ። ዳገቱ ግርጌ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ወደ ብሎኬት ማምረቻ ይሄዳል፤ እሑድም ሃያ ሠራተኛ የሚውልበት ግቢ ነው። ሌላው በባሕር ዛፍ ተከልሎ ወደ አንድ የቆርቆሮ ግቢ ይገባል። በሩ የዛገ ነው፤ የተንጠለጠለበት ቁልፍ ግን አዲስ ነው፤ ያብለጨልጫል።

«ይህ የማን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

እትዬ ቱርቦ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አይታወቅም።

«እትዬ?»

«እህቴን ይጠይቋት» አለች በመጨረሻ። «እኔ በእህቴ ትዳር ላይ አፌን አልከፍትም።»

በዚያው ቅጽበት የሳጅኗ ስልክ ጮኸ። የመካኒኳን ቤት እንደገና እንዲፈትሽ የተላከው ፖሊስ ነበር። የጋራዡ ቁልፍ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኝቷል።

«ትናንት ማታ አልነበረም» አለች ሳጅኗ ስልኩን ዘግታ። «ያን ሚስማር በገዛ እጄ ነው የዳሰስኩት። ባዶ ነበር።»

«ትናንት ማታ እትዬ የት ነበሩ?»

«እኛው ጋ ታስረው።»

«ታዲያ ቁልፉ በእግሩ ሄዶ ተሰቀለ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዛሬ ጠዋት ቤቱ የገባው ማነው?»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ገለጠች፤ ግን ገጹን ከማግኘቷ በፊት መልሱ ትዝ አላት። «ልብስ ሊወስዱላቸው... እህታቸውና የእህታቸው ባል።»

*

እህትየዋን ደጇ ላይ ነው ያገኟት። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ከእትዬ ቱርቦ ጋር የአንድ እናት ልጅ አትመስልም። እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ ሳትሰቅል «እህቴ ምን ሆነች?» አለች።

«ደህና ናቸው። ለፖሊስ በሰጡት ቃል፣ ባለቤትዎ ትናንት ቀኑን ሙሉ አብረውዎት እንደነበሩ ተናግረዋል።»

«አዎ።»

«አንዲት ደቂቃ እንኳ አልወጡም?»

ሸሚዙን እጇ ላይ ጠቀለለች። ኢንስፔክተሩ አልጮኸም፣ አላስፈራራትም። ስለ ጎማዋ ከረጢት ነገራት። አራት ነርሶች በየሃያ ደቂቃው እንደሚቀያየሩ፣ የልጁ ደረት ከብርጭቆ አፍ እንደማይሰፋ ነገራት። ሲጨርስ ሸሚዙ ከእጇ ወድቆ መሬት ላይ ነበር።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ» አለች። «ኬክ ልግዛ ብሎ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ኬክ ቤቱ ግን ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ሆስፒታል ጠሩኝ ብሎ ወጣ።»

«ለምን ዋሹን?»

«ልማድ ሆኖብኝ» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ አብሮኝ ነበር ነው የምለው። የት እንደነበር ደግሞ እኔ ጠይቄው አላውቅም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዳገቱ ሥር የአባቱ የዶሮ እርባታ አለ። ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቁልፍ ገዝቶ ሲመጣ ለምንድነው ብዬ አልጠየቅሁትም።»

«አሁን ግን ተናገሩ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምን ላድርግ? አንደኛው ባሌ ነው፤ ሌላዋ እህቴ ናት፤ ያ ልጅ ደግሞ የማንም አይደለም፤ እሱ ነው ያሸነፈኝ።»

*

የእርባታው ቁልፍ በአንድ ምት ተሰበረ። ውስጡ የአሮጌ ላባና የአቧራ ሽታ ነበረው። ወለሉ ላይ ትኩስ የጎማ ምልክት እስከ መጨረሻው ክፍል ይሄዳል። ሳጅኗ የመኖ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየወረወረች «ደግሞ ጎመን ቢሆን ሥራዬን እለቃለሁ!» ስትል፣ ከጆንያው ሥር ነጭ ፕላስቲክ ታየ። አንድ። ከጎኑ ሌላ። ማሸጊያቸው እንኳ አልተከፈተም።

ሳጅኗ እንደ ሕፃን ዘለለች። ከዚያ ሁለቱም ተሸከሙ፣ ፖሊሶቹም ተሸከሙ፤ የፖሊሱ መኪና ሳይረኑን እያስጮኸ ከተማውን ሰንጥቆ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ የሆስፒታሉን ኮሪደር እየተንከባለሉ ሲመጡ፣ ነርሶች ከየክፍሉ ብቅ እያሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ኢንጂነሩ ከአሮጌው ማሽን ላይ ቀና አለ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ፊቱ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ሳቀ። «ተገኙ? ተመስገን! የት አገኛችኋቸው?»

«ከአባትዎ ዶሮ ቤት» አለ ኢንስፔክተሩ።

ፖሊሶቹ ማሽኖቹን እየገፉ አልፈውት ሄዱ።

«እዚያ ማንም ሰው መግባት ይችላል። እኔ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መኪናዋ ሦስት ጊዜ መንጠሯን ማን ነገረዎ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ጠዋት።»

«ሳጅን፣ የጠየቅኳቸው ምን ነበር?»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች። «የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው ሎድ መቶ ዘጠና ሁለት ነው። ይህ ቁጥር ይታመናል? ይኸው ነው። ሦስት የሚል ቃል የለም።»

«ሦስት ጊዜ መቁረጧን ያን ሰዓት እኔና የታሰረችው መካኒክ ብቻ ነበርን የምናውቀው» አለ ኢንስፔክተሩ። «መሪውን የያዘው ሰው ደግሞ አለ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ጌታዬ። የሚስትዎ እህት ሲተኙ ቁልፉን ከሚስማሩ ወሰዱ። ማሽኖቹን አራግፈው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ኬክ ይዘው ምሳ ወደበሉበት ቤት ተመለሱ። ሳይመሽ መኪናዋን ዳገቱ አናት ላይ ወዳለው ጋራዥ ሊመልሱ አሰቡ። መኪናዋ ግን ዳገቱ ላይ እምቢ አለች። ሞተሩን ገደልኩት ብለው ፈርተው ጥለው ሄዱ። ቁልፉን ዛሬ ጠዋት መልሰው ሰቀሉት።»

ኢንጂነሩ ግድግዳውን ተደገፈ። የሚያየው ኢንስፔክተሩን ሳይሆን የመስታወቱን ሣጥን ነበር።

«የራሴን ክሊኒክ ልከፍት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ዕለት ይወለዳል ብዬ... ሰባት ወር ነው እኮ። ማን ያስባል?»

ሲስተሯ እጇን ሳታቋርጥ መለሰችለት። «እኛ እናስባለን። ሥራችን ነው።»

ሳጅኗ ካቴናውን አጠለቀችለት።

ሐኪሙና ሲስተሯ ማሽኑን ለመሰካትና ለመፈተሽ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ቱቦው ከልጁ ጋር ሲገናኝ ማንም አልተነፈሰም። ማሽኑ እሽሽ አለ። የልጁ ደረት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ ከፍ አለ። ሲስተሯ ከረጢቱን አስቀምጣ እጇን ለመዘርጋት ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ኢንስፔክተሩ እጇን በሁለት እጆቹ ያዘላት፤ እሷም ያለቀሰችው ያኔ ነው። ፎቅ ላይ የተኙት ሽማግሌ ዘበኛ ዜናው ሲደርሳቸው «ቁጥሯን በአፌ ይዤ ነው የተኛሁት፤ ብውጣት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!» ብለው የክፍሉን ሰው ሁሉ አሳቁ።

*

እትዬ ቱርቦ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዥ ሰፈር ስትገባ ካቴናም ፖሊስም አልነበረም። አረንጓዴዋን መኪና ራሷ ነው የነዳቻት፤ አዲሱን ቱቦ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ገጥማላታለች። ዳገቱ ላይ እስከ ታች ረገጠቻት። ሎዱ መቶ ሃምሳ አምስት ላይ ቆመ፤ መኪናዋ አንድም ጊዜ ሳታስነጥስ ጫፍ ወጣች።

የመንገዱ ግራና ቀኝ መካኒኮች፣ ጎሚስታዎች፣ ቀለም ቀቢዎች ከየሥራቸው ወጡ። አንዱ ኮፈኑ በተከፈተ መኪና ውስጥ እጁን አስገብቶ ጥሩንባውን ነፋ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ፣ ተሽከርካሪው ሁሉ፣ መሄድ የማይችለውም ጭምር መጮህ ጀመረ። የጭነት መኪናው ያገሳል፣ ትንሿ ታክሲ ትንጫጫለች።

እትዬ ቱርቦ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «በቃችሁ! ባትሪያችሁን ጨርሳችሁ ነገ መኪናችሁን በኔ ልታስገፉ ነው!» ብትልም እንባዋ ጉንጯ ላይ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር።

ጋራዧ በር ላይ እህቷ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ጥሩንባው አንድ በአንድ ዝም አለ።

«በምን ዓይኔ ልይሽ?» አለች።

እትዬ ቱርቦ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን በእግሯ ዘጋች። «በሁለቱም እይኝ» አለቻት። «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኔ እስር ቤት፣ ያ ልጅ አፈር ውስጥ ነበርን። ስለ ባልሽ የምናለቅስበት ጊዜ ይመጣል፤ አብረን እናለቅሳለን። ዛሬ ግን አንድ ልጅ በራሱ ማሽን ይተነፍሳል፤ እኔ ቤቴ ገብቻለሁ። ነይ።»

እህቷን በሰፊ ክንዷ አቅፋ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የጋራዡን በር ከፍታ አስገባቻት። ከኋላቸው የጭነት መኪናው ጥሩንባ እንደገና አገሳ።